የጉትቻው ዘንግ ከምን ተሠራ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት

የእህቴ ልጅ «ሁለተኛ ቀዳዳ ካልተበሳሁ» ብላ ከፋሲካ ጀምሮ ቤቱን ስታምስ ከርማ ሰሞኑን እናቷ እጅ ሰጠች። እጅ ሰጥታ ግን ዝም አላለችም፤ «ጉትቻውን አንቺው ምረጪላት፤ የዚህ ነገር ጣጣ የሚገባሽ አንቺ ነሽ» ብላ ሥራውን ወደ እኔ አዞረችው። ጣጣው የገባኝ ቆዳዬ አስተምሮኝ ነው። የጂንስ ሱሪ ቁልፍ ከእምብርቴ በታች ሽፍታ ያወጣብኛል፤ የብረት የሰዓት ማሰሪያ አንጓዬን ያሳክከኛል። የቆዳ ሐኪሙ እንደነገረኝ የማይስማማኝ ኒኬል የሚባለው ብረት ነው፤ ብዙ ሰው ላይ የዚህ መነሻው የተበሳ ጆሮ ውስጥ የገባ ርካሽ ጉትቻ እንደሆነም ጨምሮ አስረዳኝ።

ኒኬል ርካሽ፣ ጠንካራና አብረቅራቂ ስለሆነ አርቲፊሻል የምንለው ጌጥ ውስጥ በብዛት ይገባል። ላብና የቁስል ፈሳሽ ሲነካው በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። የደነደነ ቆዳ በመጠኑ ይመክተዋል፤ አዲስ የተበሳ ጆሮ ግን የሚመክትበት ቆዳ ገና የለውም። ሰውነት ይህን ብረት አንድ ጊዜ በጠላትነት ከያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ማሳከኩ ቶሎ አይመጣም፤ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ስለዚህ ሰው ጉትቻውን ሳይጠረጥር «ቆሽሾብኝ ነው» ብሎ አልኮል ያፈስበታል፤ አልኮሉ ደግሞ ቁስሉን ያደርቅና ይባስ ያቆጣዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዚህ ብረት ላይ ደንብ ያወጣው በከንቱ አይደለም። ዛሬ እዚያ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ጌጥ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚለቀው ኒኬል 0.2 ማይክሮግራም መድረስ የለበትም፤ ለሰዓትና ለቀበቶ ማሰሪያ የተቀመጠው ገደብ 0.5 ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቀዳዳው ነው።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ሳቀችብኝ። «እናንተን ስበሳ መርፌውን በእሳት አግዬ፣ ጥቁር ክር አስገብቼ፣ ቅቤ ቀብቼ ነው። ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም። ነገሩን ካነሣነው አይቀር፣ ክሩ ኒኬል የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ በዚህ በኩል እናቴ ከብዙ ጌጥ ሻጭ ትሻላለች። ክር ግን ፈሳሹን መጥጦ ይዞ ይቀመጣል፤ ቅቤውም አቧራ ይሰበስባል። በየካ አባዶ የበጋ አቧራ ደግሞ ቅቤ የተቀባ ጆሮ ይዞ መውጣት አይታሰብም። ይህን ስነግራት «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች፤ እንደ ተሸነፈች ግን አልቆጠረችውም።

መገናኛ ወርጄ ጉትቻ ስጠይቅ የሚያሳዩኝ ሁሉ ፊቱን ነበር፤ አበባው፣ ፈርጡ፣ ልቡ። ቁስሉ ውስጥ ለሳምንታት የሚቀመጠው ዘንጉ ሆኖ ሳለ ስለ እሱ የሚያነሣ የለም። አንዱ ሻጭ ብቻ ማግኔት ከመሳቢያው አወጣና «አየሽ እህቴ፣ አልሳበውም፤ ንጹሕ ስቴንለስ ነው» አለኝ። ልጁ ሊዋሸኝ አልፈለገም፤ ማግኔቱ ግን የሚናገረው እሱ ያሰበውን አይደለም። 316ኤል የሚባለው የማይዝግ ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል ይዞ በማግኔት አይሳብም። ነሐስና መዳብም አይሳቡም። እርግጥ ጥሩ የማይዝግ ብረት በላዩ ያለው ስስ የክሮሚየም ሽፋን ኒኬሉን አጥብቆ ስለሚይዝ ብዙ ሰው ያለ ችግር ያደርገዋል። ነገር ግን አክስቷ እኔ ለሆንኩባት ልጅ ይህን ዕድል መሞከር አላሻኝም።

የወርቅ ቅቡን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። ቤት ያስቀመጥኩትን አንድ አሮጌ ጉትቻ ዘንጉን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት፤ ጫፉ አካባቢ ወርቁ ተልጦ ከሥሩ ግራጫ ብረት ብቅ ብሏል። ቀለሙ የለቀቀው ማሰሪያው በየቀኑ እየገባና እየወጣ የሚፍቀው ቦታ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ነው።

እህቴ «በቃ እውነተኛ ወርቅ እንግዛላትና እንገላገል» አለች። እኛ ዘንድ ወርቅ ሲባል የካራቱ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ይከበራል፤ ባለ 21 ሲባል ሁሉም ዝም ይላል። ለአዲስ ቀዳዳ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 750 የሚል ማኅተም ያለበት 18 ካራት፣ 585 የሚለው ደግሞ 14 ካራት ነው። ከ18 በላይ ሲሆን ወርቁ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፤ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል፣ የሚድነውን ሥጋም ይፍቃል። ለቁስል የሚመከረው 14 ወይም 18 ነው፤ ያውም የተቀላቀለበት ብረት ኒኬል አለመሆኑ ከታወቀ። ነጭ ወርቅ ላይ በተለይ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ያደረገው ኒኬል ነው። ወርቅ ቤት ገብቼ ይህን ስጠይቅ ሽማግሌው አንጥረኛ ጉትቻውን ጥቁር ድንጋያቸው ላይ ፈተጉና አሲድ ጠብ አደረጉበት። መስመሩ ሳይጠፋ ቆየ። «ወርቅነቱን አይተሻል፤ የተቀላቀለበትን ግን ይህ ድንጋይ አይነግርሽም፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ቀን ካገኘኋቸው ነጋዴዎች ሁሉ ያመንኳቸው እሳቸውን ነው።

እናቴ ደግሞ የራሷን የብር ሎቲ አውጥታ አመጣች። ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የተሠራ ነው፤ ያች 1780 የሚል ዓመት የታተመባት ብር 83.3 በመቶ ገደማ ንጹሕ ብር ስትሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበያ ላይ 925 እየተባለ የሚሸጠው ብርም ቢሆን 7.5 በመቶው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ብር በእርጥበትና በላብ ይጠቁራል፤ ቁስል ውስጥ ሲቆይ የማይለቅ ግራጫ ምልክት ሊተው ይችላል። ሎቲው እጅግ ያምራል። ጆሮዋ በደንብ ሲድን ታደርገዋለች ብለን ለልጅቱ በአደራ አስቀመጥንላት፤ እናቴም በዚህ ተደሰተች።

የወሰንኩት ታይታኒየም ነው። ዝም ብሎ «ታይታኒየም» የተባለ ሁሉ አይደለም፤ ኤኤስቲኤም ኤፍ-136 የሚል መለያ ያለውና ሻጩ የብረቱን የማረጋገጫ ወረቀት ማቅረብ የሚችለው። ሐኪሞች ሰውነት ውስጥ ለሚቀር ብረት የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ክብደቱም ከማይዝግ ብረት በግማሽ ገደማ ይቀልላል። ዘንጉ ጆሮው ሲያብጥ የሚበቃ ርዝመት ይኑረው፣ ከኋላው ያለውም እንደ ቢራቢሮ የታጠፈው ማሰሪያ ሳይሆን ለስላሳ ጠፍጣፋ ይሁን ብዬ ለገና ከአሜሪካ ለምትመጣው ዘመዳችን ጻፍኩላት። የቢራቢሮው እጥፋት ፀጉርም፣ ቅባትም፣ የደረቀ ፈሳሽም የሚጠራቀምበት ነው።

የሚበሳት ሰው ሽጉጥ በሚመስለው መሣሪያ እንዳይሆንም ተስማምተናል። አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ጀርሙ እንዲሞት በ121 ወይም በ134 ዲግሪ እንፋሎት አይቀቀልም፤ በመርፌ የሚበሳ ባለሙያ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሷ ነው። የሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣና በርሜል ውስጥ ስለሚከርም ቁስሉን በእሱ አታጥበውም፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 0.9 በመቶ የጨው ውኃ አለ። የጆሮ ለምለሙ ሥጋ ለመዳን ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ሹሩባ ስትሠራ ሠሪዋን ማስጠንቀቅ፣ ነጠላዋንም ከጆሮዋ ማራቅ አለባት። ዘንጉን እያዞሩ መጫወት ክልክል ነው፤ ይህን በጽሑፍ አስፈርሜያታለሁ።

ማታ የጉትቻውን ፎቶ ሳሳያት ፊቷ ጨለመ። «አክስቴ፣ ይህ ሁሉ መንከራተት ለዚህች ነጥብ ነው?» አለች። ታይታኒየም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በላዩ ያለው ስስ ሽፋን እየወፈረ ያለ ምንም ቀለም ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ወርቃማ መስሎ እንደሚታይ ስነግራት ግን ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሰማያዊውን መርጣለች። እናቷ ሐምራዊው ይሻላል ትላለች፤ እስካሁን እየተጨቃጨቁ ነው።