እኔን ሳይሆን እሱን ጠይቁት

ልጄ በአፉ አያወራም። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ አንጎል ጡንቻን በደንብ እንዳያዝ የሚያደርግ ችግር ስላለበት ምላሱና ከንፈሩ አይታዘዙለትም እንጂ አማርኛም እንግሊዝኛም ሲወራ አንድ አያመልጠውም። የሚያወራው በታብሌት ነው፣ ስክሪኑ ላይ በሥዕል የተደረደሩ ቃላት አሉ ሲነካቸው ይናገራሉ፣ ጣቱ እየተንሸራተተ ያላሰበውን እንዳይነካ ደግሞ ከላይ በየቃሉ ልክ የተበሳ ፕላስቲክ ተገጥሞበታል። ሰዎች "ማሽኑን ቻለው ወይ?" ይሉኛል። ለኔ ቻለ የምለው ማንም ሳያዘው፣ ማንም እጁን ሳይነካው፣ የፈለገውን ለፈለገው ሰው ሲል ነው።

እንግዳ ሲመጣ "በል እስቲ ኳስ የቱ ነው? ውሻስ?" ይሉታል። በፍቅር ነው አውቃለሁ፣ ግን የሚያወራ ልጅን ቡና ላይ ማን ይፈትነዋል? እሱም ፊቱን ያዞርባቸዋል። ይልቅ የሚጠቅመው እኛም በሱ ታብሌት ብናወራ ነው፣ እኔ እራት ሳቀርብ "ትኩስ"፣ "ጨምር"፣ "በቃ" እያልኩ እየነካሁ አወራለሁ መልስ ሳልጠብቅ፣ ስፒች ቴራፒስቷ ሞዴሊንግ የምትለው ይሄን ነው። ልጅ ሰው ሲያወራ እየሰማ ነው አፉን የሚፈታው፣ የኔ ልጅ ግን በታብሌት የሚያወራ ሰው አጠገቡ ካላየ ከየት ይማረው? ደግሞ ከኳስና ከውሻ በፊት "እምቢ"፣ "እንደገና"፣ "የኔ ነው"፣ "ሂድ" ይቅደሙ፣ የቀን ወሬያችንን አብዛኛውን የሚሸፍኑት እንዲህ ያሉ ጥቂት መቶ ቃላት ናቸው።

ትምህርት ቤት አንዲት ረዳት "አመሰግናለሁ" እንዲል እጁን ይዛ ታስነካው ነበር። የአይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ ይሄ ይቁም አልኩ፣ የሰው እጅ የነካው ቃል የሱ ቃል አይደለም። ነገሩ አንድ ባይሆንም የአሜሪካ የንግግር ባለሙያዎች ማኅበር አሻ በ2018 እጅ እየደገፉ ማስጻፍን አትጠቀሙበት ያለው እኮ የሚናገረው ልጁ ሳይሆን ደጋፊው ሆኖ ስለተገኘ ነው። ታብሌቱ ማታም ቅዳሜና እሁድም ቤት እንዲመጣ እዛው አስጻፍኩ፣ የአይኢፒው ቡድን ለትምህርቱ ያስፈልገዋል ካለ ትምህርት ቤቱ እንዲፈቅድ ሕጉ ያስገድዳል፣ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ይሄን ያዙ። አርብ ማታ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ አፍ የለም።

እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንሄድበት የሐበሻ ሱቅ ሻጯ "ማሙሽ ምን ይፈልጋል?" አለችኝ። እሱን ጠይቂው እህቴ አልኳትና የበርበሬውን መደርደሪያ ማየት ጀመርኩ። ዝምታው ይከብዳል፣ እኛ ደግሞ ልጁ እንዳያፍር ብለን ቶሎ እንመልስለታለን፣ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ገጹን አለፈው፣ ተመለሰ፣ ጣቱ ቀዳዳዋን ሳታት፣ እንደገና ሳታት፣ ከዛ "ዳቦ" አለ፣ ትንሽ ቆይቶ "ትልቅ"። ጎንበስ ብላ "ድፎውን ነው የኔ ጌታ?" አለችው፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዛ ወዲህ ስንገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው እሱን ነው።

አክስቴ "ማሽን ካወራለት ምላሱ ይሰንፋል" ትላለች። በ2006 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በደንብ የተመዘገቡ የ27 ሰዎችን ውጤት አይቶ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አላገኘም፣ አብዛኞቹ እንደውም ጨምረዋል። ይሄን ነገርኳት፣ ያሳመናት ግን እሱ ነው፣ "እማ" የምትለዋን ድምፅ በአፉ ያወጣት ታብሌቱን ካገኘ በኋላ ነው።

የኛ ታብሌት የአማርኛ ድምፅ ስለሌለው የአማርኛውን ገጽ እኩያው የሆነ የአጎቱ ልጅ ቀዳለት፣ ወንድ ልጅ በእናቱ ድምፅ ማውራት የለበትም። ሰላምታው ብቻ ስንት ቁልፍ ፈጀ፣ ለእህቱ "እንዴት አደርሽ"፣ ለጓደኛው "እንዴት አደርክ"፣ ለትልቅ ሰው "እንዴት አደሩ"። ደሴ ላለችው እናቴ ስንደውል "እማማ እንዴት አደሩ" አላት። "ማነው ይሄ?" አለች፣ ስሙን ነክቶ ነገራት። እሷ ስታለቅስ እሱ ሰልችቶት "ቻው" ብሎ ዘጋው፣ እኔም መልሼ አልደወልኩም፣ ወሬውን የጨረሰው እሱ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሽንኩርት እያቁላላሁ ከሳሎን "እማዬ ነይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። ሮጬ ሄድኩ። ውሃ አልጠማው፣ ሽንት ቤት አልፈለገ፣ አርሰናል ጎል አግብቶ "እዪ" ሊለኝ ነው። ሽንኩርቱ አረረ፣ ይረር፣ ልጄ ከሌላ ክፍል ሰው ጠርቶ ደስታውን አካፈለ።

ቅዳሜ የአጎቱ ልጅ አዲስ ቃላት ሊቀዳ ይመጣል። ሊስቱ ላይ "ይቅርታ" እና "እባክህ" አሉ፣ እህቱ ደግሞ "ተወኝ"፣ "ተራዬ ነው"፣ "ውሸታም" ጨመረችበት፣ ልክ ነች ልጆች መሃል የሚያስፈልገው እሱ ነው። ባለቤቴ "ውሸታም" ይቅር ብሏል፣ እኔ አይቀርም ብያለሁ።