ከመኪና ማቆሚያው ዳስ የሰማሁት የ2019 ውድድር

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2019 ላይ የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ካደረጋቸው 50 ጨዋታዎች 19ኙን አሸንፎ በ31ዱ ተሸንፎ ነበር። ኒው ዮርክ ሄዶ በሜትስ አራት ጊዜ በተከታታይ ተመትቶ ነው እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰው። በማግስቱ ሬዲዮ የከፈተ ሰው የሚሰማው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ የሚባረረው መቼ ነው? ያው ቡድን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የመጨረሻውን ዋንጫ ወሰደ። ዛሬ ታሪኩን የሚያወራ ሁሉ ከ19 ለ31 ይነሣና በአንድ እርምጃ ዋንጫው ላይ ይደርሳል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። እኔ የወደድኩት መሃል ላይ ያለውን፣ ማንም የማያስታውሰውን ነው።

የምሠራው ከስታዲየሙ ብዙ በማይርቅ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ እገባለሁ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ እወጣለሁ። ገንዘብ የምቀበልባት ዳስ ሁለት ሰው አትይዝም። ወንበር፣ የካርድ ማሽን፣ ለእግር የምትሆን ትንሽ ማሞቂያና ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትቶት የሄደ አሮጌ ሬዲዮ አለባት። እዚያ ታች ስልክ አይሠራም፤ ሬዲዮው ግን አንቴናው በሽቦ ተቀጥሎ እስከ መውጫው በር ስለተዘረጋ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤዝቦል ላይ ያቆየኝ መጀመሪያ ፍቅር አልነበረም። ጨዋታው ያኔ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ የእኔ ምሽት ደግሞ ረጅም ነው፤ ተስማማን።

አብረውኝ የሚሠሩትን ጎንደሬ አዛውንት ጋሼ እላቸዋለሁ። ቤዝቦልን «ቆመው የሚያመሹበት ነገር» ይሉታል። ላይ ላዩን ላየው ሰው አልተሳሳቱም። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ሊመታ ይሞክራል፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበትነው ይጠብቃሉ። የመታው ሦስት ማረፊያዎችን አልፎ መነሻው ላይ ሲደርስ አንድ ነጥብ ይሆናል። ሦስት መቺዎች ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል፤ ሁለቱም ሲደርሳቸው አንድ ኢኒንግ ይባላል፣ ዘጠኝ ኢኒንግ ሲሞላ፣ እኩል ካልሆኑ፣ ያለቀ ነው። ጨዋታውን የሚጨርስ ሰዓት የለም። እግር ኳስ ላይ 2 ለ0 የሚመራ ቡድን ኳሷን ወደ ማዕዘን ወስዶ ደቂቃ ይገድላል፣ በረኛው ጉልበቱን ይዞ ይተኛል። እዚህ ግን 10 ነጥብ ብትመራ እንኳ የመጨረሻውን መቺ አንተው ራስህ ማስወጣት አለብህ። ሰዓት መጥቶ አያድንህም።

ሌላው ብዛቱ ነው። አንድ ቡድን ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ ያደርጋል፣ ማለትም በየቀኑ ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ጥሩ የሚባለው ቡድን ራሱ ስልሳ ጊዜ ያህል ይሸነፋል። ልጅ ሆኜ የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ተሰብስበን ስንሰማ የብሔራዊ ቡድናችን ሽንፈት ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ይከርም ነበር። እዚህ ለማኩረፍ ጊዜ አይሰጡህም፤ ነገ ምሽት ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር ተመልሰው ማይክሮፎኑ ላይ ናቸው፣ ስለ ነፋሱ አቅጣጫና ስለ ሣሩ እያወሩ።

የዚያን ዓመት አጀማመር ለምን እንደተበላሸ ምሥጢር አልነበረም። የቡድኑ ትልቁ ስም ብራይስ ሃርፐር በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ፊላዴልፊያ ሄዷል። ፈጣኑ ትሬ ተርነር ኤፕሪል ላይ ጣቱ ተሰብሮ ለሳምንታት ወጥቷል። ጨዋታ ጀማሪ ወርዋሪዎቹ ሸርዘር፣ ስትራስበርግና ኮርቢን ማንም የሚመኛቸው ነበሩ፤ ችግሩ እነርሱ ደክመው ሲወጡ የሚተኳቸው ናቸው። ስድስት ኢኒንግ በላብ የተገነባውን በአንድ ኢኒንግ ያፈርሱታል። ይህንን ከዳሴ ሆኜ በመኪኖቹ አውቀው ነበር። ቡድኑ እየመራ እንኳ በሰባተኛው ኢኒንግ የሚወጣ ሰው ነበር፤ የሚመጣውን ላለማየት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ አንድ ነገር ነጥዬ ብናገር እዋሻለሁ። የተጎዱት ተመለሱ። ቬንዙዌላዊው ሄራርዶ ፓራ ሜይ መጀመሪያ ላይ ከሌላ ቡድን ተሰናብቶ መጥቶ ነበር፤ ወደ መምቻው ሲወጣ የሚዘፈንለትን የሕፃናት ዘፈን ስታዲየሙ ሁሉ ሁለት እጁን እንደ ሻርክ መንጋጋ እያጋጨ ይዘፍን ጀመር። የተከበሩ ጠበቆችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ይህንን ሲያደርጉ በመኪናቸው መስኮት አይቻለሁ። ጁን ላይ ማክስ ሸርዘር ልምምድ ላይ እያለ ኳስ አፍንጫውን ሰበረችው። አንዱ ዓይኑ ሰማያዊ ሌላው ቡናማ የሆነ ሰው ነው፤ በማግስቱ በአንደኛው ሥር ፊቱ በልዞ ወጥቶ ፊላዴልፊያን ሰባት ኢኒንግ ያለ ምንም ነጥብ አስቀመጠ፣ አሥር መቺዎችንም ሳይነኩት መለሰ። ጋዜጣው ላይ የወጣውን ፎቶግራፉን ቆርጬ ከካርድ ማሽኑ በላይ ለጠፍኩት። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩትና «ይህ ሰው ልጆች አሉት?» ብለው ጠየቁኝ። አሉት አልኳቸው። «እናታቸውን እግዚአብሔር ያጽናት» አሉ።

ከደንበኞቼ አንዱ ሰማኒያ ዓመት የተጠጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ከጨዋታው በኋላ ሲመጡ ሁልጊዜ የታጠፈ ወረቀትና ጫፉ የታኘከ እርሳስ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አለ። የእያንዳንዱን መቺ ውጤት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ኳሷን ሳይነካ ለተመለሰ ሰው ኬ የሚለውን ፊደል ይጽፋሉ፤ ዱላውን ሳያነሣ ዝም ብሎ እያየ ከተመለሰ ደግሞ ፊደሉን ገልብጠው። አንድ ምሽት ሰልፍ ስላልነበረ ወረቀቱን መስኮቴ ላይ ዘርግተው ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ጨዋታውን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ግን እንደዚያ ሲነበብ ሌላ ነበር። የከተማዋ የቀድሞ ቡድን ሴናተርስ በ1971 ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ወጣት ነበሩ። ከዚያ ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል እስኪመጣ ድረስ ዋና ከተማዋ የራሷ ቡድን አልነበራትም። ዋንጫ ያየችውም እስከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ በ1924፤ እርሳቸውም ከመወለዳቸው በፊት። አዲሱ ቡድን በ2012፣ በ2014፣ በ2016ና በ2017 ለድኅረ ውድድሩ እየደረሰ አራቱንም ጊዜ የመጀመሪያውን ተጋጣሚ ማለፍ አቅቶት ነበር። «እኔ የምመዘግበው ለማሸነፍ አይደለም» አሉኝ ወረቀቱን እያጠፉ።

ሴፕቴምበር 3 ቀንን ግን ማንም ቢዘለው እኔ አልዘለውም። ተጋጣሚው ያው ሜትስ ነው። በዘጠነኛው ኢኒንግ በመጀመሪያው ተራ አምስት ነጥብ ጨምረው ውጤቱን 10 ለ4 አደረጉት። ሰው ወደ መኪናው መጣ፤ ሰልፉ እስከ ሁለተኛው ወለል መታጠፊያ ደረሰ። እኔ ካርድ እቀበላለሁ፣ ሬዲዮው ከኋላዬ ያወራል፤ የአብዛኛው መኪና ሬዲዮም ያው ጣቢያ ላይ ስለሆነ ድምፁ ከየመስኮቱ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ነጥብ ገባ፤ ማንም ጆሮ አልሰጠውም። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲገቡ መስኮቶች ይወርዱ ጀመር። ተራዋ የደረሰች አንዲት ሴት ካርዷን ዘርግታ ይዛ ቀረች፤ አልሰጠችኝም፣ እኔም አልተቀበልኳትም። ከዚያ የእኛው ከርት ሱዙኪ የሜትሱ ኤድዊን ዲያዝ የወረወረለትን ኳስ ከአጥሩ በላይ ላከው፣ ሦስት ሰው ገባ፣ 11 ለ10 አለቀ። ያ ሁሉ መኪና በአንድ ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ። በምድር ቤት ውስጥ ያ ድምፅ ምን እንደሚመስል እዚያ ላልነበረ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ ጋሼ መሬት የተንቀጠቀጠ መስሏቸው ከሦስተኛው ወለል እየሮጡ ወጡ። ከፊት ያለው አንድ ሰውዬ አግዳሚው ተነሥቶለት ሳለ መኪናውን ማንቀሳቀስ ትቶ «ወደ ኋላ ተመልሼ ልቁም?» አለኝ። ክፍያው እንደገና ነው አልኩት። መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ፣ ሄደ።

በዚያ ምሽት ከስታዲየሙ ቀድመው የወጡት ሁሉ እኔ ጋ ነበሩ ማለት ይቻላል። ያላዩትን ነገር አብረን ሰማን።

ቡድኑ ውድድሩን 93 አሸንፎ 69 ተሸንፎ ጨረሰ። ከ19 ለ31 በኋላ ያለውን ብቻ ብንቆጥር 74 ለ38 ነው። ኦክቶበር 1 ቀን፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከሚልዋኪ ጋር የተሸነፈ የሚሰናበትበት አንድ ጨዋታ ተደረገ። እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ1 እየተመሩ ቆዩ። ሦስቱም ማረፊያዎች ሞልተው ተራው የደረሰው ዶሚኒካዊው ሁዋን ሶቶ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ወደ ቀኝ መታ፤ እዚያ ያለው የሚልዋኪ ልጅ ኳሷን ሊያነሣ ሲል አመለጠችው፣ ሦስቱም ገቡ። ስለዚያ ስሕተት ብዙ ተስቋል፤ እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የልጁ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጋዜጣው ሁሉ የጻፈው ነው። 106 ጨዋታ ያሸነፈውን ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን በአምስተኛው ጨዋታ አሥረኛ ኢኒንግ ላይ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ በአንድ ምት አራት ነጥብ አስገብቶ አሰናበተው። ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ ጠረጉት። ለፍጻሜው ሂዩስተን ሄደው ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸነፉ፣ እዚህ መጥተው ሦስቱንም ተሸነፉ፤ በሦስት ምሽት በጠቅላላ ሦስት ነጥብ። ሸርዘር አንገቱ ተይዞ ያለ ሚስቱ እርዳታ መልበስ እንኳ አቃተው ተባለ። በእነዚያ ምሽቶች ከጎኔ ያለፈው ሰው ከቀብር የሚመለስ ይመስል ነበር፤ ለወትሮ «መልካም ሌሊት» የሚለኝ ሁሉ ካርዱን ሰጥቶ ዝም። አዛውንቱ ደንበኛዬ ብቻ ወረቀታቸውን አሳዩኝ፤ የተገለበጠው ኬ በዝቶበታል።

ስድስተኛውን ሂዩስተን ላይ አሸንፈው ሦስት ለሦስት ሆኑ። የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ጨዋታም ኦክቶበር 30 እዚያው ሂዩስተን ላይ ስለነበር ማቆሚያው ባዶ ነበር። ጋሼ ስለ ቤዝቦል ያላቸውን አስተያየት ሳይለውጡ መጥተው የዳሷ በር ላይ ቆሙ። ሂዩስተን እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ 2 ለ0 መራ። የእኛው ሬንዶን አንድ መለሰ። ሶቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሄደ። ኬንድሪክ ወደ ቀኝ መታት፤ ኳሷ በሜዳውና በውጪው ድንበር ላይ ያለውን ቢጫ ምሰሶ መታች። ምሰሶው እንደ ሜዳው ይቆጠራል፣ ስለዚህ ከአጥሩ በላይ እንደወጣ ምት ሆም ረን ነው፣ 3 ለ2። «ታዲያ ምሰሶ መትቶ እንዴት ገባ ይባላል?» አሉ ጋሼ፤ እስከ መጨረሻው ኢኒንግ ድረስ ይህንን ስከራከራቸው ነው ያመሸሁት። 6 ለ2 አለቀ። በዚያ ፍጻሜ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም።

ደስ አለኝ፤ ያላለኝ አልልም። ግን እውነቱን ለራሴ ልጻፍ፤ የሴፕቴምበሩን ያህል አልነበረም። ዋንጫው የከተማው ሁሉ ሆነ። በሰልፉ ቀን ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ የናሽናልስን ኮፍያ ያደረገ የሕዝብ ጎርፍ ሳይ፣ ግማሹ ሜይ ላይ የት ነበር ብዬ በውስጤ ቂም ያዝኩ። ክፉ ሐሳብ ነው፤ አልሰረዝኩትም።

ቡድኑ ወዲያው ተበተነ። ሬንዶን በ245 ሚሊዮን ዶላር ካሊፎርኒያ ሄደ። የፍጻሜው ኮከብ ስትራስበርግ በያው 245 ሚሊዮን ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ግን በጉዳት ምክንያት ስምንት ጊዜ ብቻ ነው የወረወረው። በ2020 በወረርሽኙ ስታዲየሙ ያለ ሰው፣ ማቆሚያው ያለ መኪና ነበር። በ2022 ቡድኑ 107 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በዚያው ኦገስት ሶቶን ወደ ሳንዲያጎ ሸጡት። 440 ሚሊዮን አቅርበውለት እምቢ ብሎ ነበር። ጋሼን ምን ያደርጉ ነበር አልኳቸው። «እኔማ ሳይጨርሱ ነበር የምፈርመው» አሉ። ልጁ በኋላ ከሜትስ ጋር 765 ሚሊዮን ሲፈርም ነገርኳቸው፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

በሶቶ ምትክ ከመጡት ወጣቶች አንዱ ጄምስ ዉድ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ የተወለደው እዚሁ ሜሪላንድ ሮክቪል። የመጀመሪያ ጨዋታውን በ2024 ጁላይ ሲያደርግ ሬዲዮው ስለ እርሱ ብቻ ነበር የሚያወራው። ጋሼ ሮክቪል የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ፤ መኖሪያቸው እዚያ ነው።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

አላውቃቸውም፣ የእኛ ሰዎች አይደሉም ብላቸውም በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ሳያጣሩ አልቀሩም።