ለቴሌቪዥኔ የዋይፋይ ፓስዎርድ አልሰጠሁትም

ሳሎናችን ያለው ቴሌቪዥን ስማርት ነው፤ ኢንተርኔት ግን አያውቅም። ከካርቶኑ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ጀምሮ የዋይፋይ ፓስዎርዳችንን የነገረው የለም። እንግዳ ሲመጣ ሪሞቱን ይዞ ዩቲዩብ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ "ተበላሽቶ ነው እንዴ?" ይላል። ደህና ነው እላለሁ። ከዚያ ማብራሪያው ይጀመራል፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶም አያልቅም። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የድሮው ቴሌቪዥናችን እንደ ሰው ሁሉ ዋይፋይ ላይ ነበር። አንድ ምሽት ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ የራውተሩን አፕ ከፍቼ ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ አየሁ። ስልኮቹ ይገባኛል፣ ላፕቶፑም ይገባኛል። ቴሌቪዥኑ ግን ምን ሊያደርግ? በዚያ ሰዓት የታናሽ እህቴን ሰርግ በዲቪዲ እያየን ነበር። ለዲቪዲ ኢንተርኔት ምን ይሠራለታል? እሱ ግን ትንሽ በትንሽ፣ ሳያቋርጥ፣ ወደ ውጭ ይልካል።

ነገሩን ሳጣራ ያገኘሁት ኤሲአር የሚባል ሥርዓት ነው። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ወይም ድምፅ በየቅጽበቱ እየቀነጨበ አጭር መለያ ያወጣለታል። መለያው ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄድና እዚያ ካለው ክምችት ጋር ይመሳከራል። በዚህ መንገድ የምታዩት ምን እንደሆነ ይታወቃል። ቤቱ የሚለየው በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም በኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር ነው። ከዚያ መረጃው ለማስታወቂያ ገበያው ይቀርባል።

ይሄ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች የ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖችን እይታ ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ ሰብስቧል ተብሎ በአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና በኒው ጀርሲ ግዛት ተከሰሰ። 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎም ጉዳዩን ዘጋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ኩባንያ ዋልማርት በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ የማስታወቂያ ሥራዬን ለማሳደግ ነው ብሎም በግልጽ ተናገረ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ማይክራፎኑን ነው። እሱም ከመሬት ተነስቶ የመጣ ፍርሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳምሰንግ የድምፅ ትእዛዝ ሲበራ የምትናገሩት የግል ነገር ተቀድቶ ለሦስተኛ ወገን ሊላክ ይችላል ብሎ በራሱ ደንብ ላይ ጽፎ ብዙ ጫጫታ አስነስቷል። እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ስክሪኑ ነው። "ምን የምትደብቀው ነገር አለህ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ እኛ ሐበሾች ቤት ሄደን የትኛው ቻናል እንደተከፈተ ካየን ባለቤቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ የት እንደሚጸልይ፣ ከየት አካባቢ እንደመጣ ወዲያው እንገምታለን። ባንናገረውም እንገምታለን። ይህን ግምት ለማላውቀው ኩባንያ በነፃ የምሰጥበት ምክንያት አልታየኝም።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ድሮ ይሄ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ቦርክ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ታጭቶ ሳለ አንድ የዋሽንግተን ጋዜጣ ከቪዲዮ ቤት የተከራያቸውን ፊልሞች ዝርዝር አውጥቶ አተመው። ዝርዝሩ ውስጥ ነውር አልነበረም። ኮንግረሱ ግን በዓመቱ የቪዲዮ ኪራይ መዝገብን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ዛሬ ያው ዝርዝር ከያንዳንዱ ሳሎን በየደቂቃው ሲወጣ የሚቆጣ ሰው ብዙም አላይም።

እና ምን አደረግኩ? መጀመሪያ ስማርት ያልሆነ ቴሌቪዥን ፈለግኩ። የለም ማለት ይቻላል። ሴፕተር የሚባለው ብራንድ ጥቂት ይሸጣል፤ ምርጫው ግን ጠባብ ነው። ለሱቅና ለኤርፖርት የሚሠሩ ትልልቅ ስክሪኖችም አሉ፤ ዋጋቸው አይቀመስም። ስማርቱ የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ቪዚዮ በ2021 ባወጣው አንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት ከማስታወቂያና ከዳታ ያገኘው ትርፍ ቴሌቪዥን ሸጦ ካገኘው ከእጥፍ በላይ ነበር። በሌላ አነጋገር ቅናሹን ያገኘነው ቀሪውን ሳሎናችን ተቀምጠን እንድንከፍል ነው። ስለዚህ እኔም ቅናሹን ወሰድኩ፣ ቀሪውን ግን አልከፈልኩም። ተራ ስማርት ቲቪ ገዛሁና ሳላገናኘው ተውኩት።

እዚህ ላይ የሚፈትናችሁ የመጀመሪያው ቀን ነው። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ቋንቋ ይጠይቃል፣ አገር ይጠይቃል፣ ከዚያ ዋይፋይ። የቤታችሁ ስም ከነጎረቤቶቻችሁ ተደርድሮ ይመጣል። ማለፊያዋ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ነው የተጻፈችው፤ ከዋናው ቁልፍ ወርዳችሁ ታገኟታላችሁ። ጉግል ቲቪ ያላቸው ሞዴሎች ላይ "ቤዚክ ቲቪ" የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ብትነኩ ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል። ደንቦቹ ጋ ስትደርሱ ሁሉንም አትቀበሉ። ግዴታ የሆነው ብዙውን ጊዜ አንዱ ነው፤ የእይታ መረጃና የግል ማስታወቂያ የሚሉት ባዶ ሊተው ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊትም ያለ ኢንተርኔት ይጀምር እንደሆነ አጣሩ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ኢንተርኔቱን የሚያመጣልን አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጫንኩበት፣ ፋየርፎክስ ብራውዘር ላይ ማስታወቂያ የሚያግደውን ዩብሎክ ኦሪጂን ጨመርኩ፣ ምስልና ድምፅ በሚያሻግረው የኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሴቲንጉን መቀየር አለባችሁ። ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ሆኖ ድምፁ ከላፕቶፑ ከወጣም አትደንግጡ፤ የድምፅ መውጫውን ወደ ኤችዲኤምአይ ቀይሩት። ከሶፋ ላይ ሆነው እንዲያነቡት ጽሑፉንም አግዝፉት።

አንድ ነገር ላስምርበት። ኤችዲኤምአይ ብቻውን አያድናችሁም። በ2024 የእንግሊዝ፣ የስፔንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሳምሰንግና የኤልጂ ቴሌቪዥኖችን ፈትሸው፣ ቴሌቪዥኑ ላፕቶፕ ተሰክቶበት እንደ ተራ ስክሪን ሲያገለግል እንኳ ኤሲአር እንደሚሠራ አሳይተዋል። አንዱ በየ15 ሰከንዱ፣ ሌላው በየደቂቃው ይልክ ነበር። የእህቴ ሰርግ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ቁም ነገሩ ገመዱ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ራሱ መስመር እንዳያገኝ ማድረጉ ነው። በዱላ መልክ የሚሰኩት ማስተላለፊያዎችም መፍትሔ አይመስሉኝም፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት በዚያው የማስታወቂያ ገበያ ነው። ላፕቶፕ የማይሆንለት ሰው አፕል ቲቪ የምትባለውን ሳጥን ቢያስብባት ይሻላል፤ ዋጋዋ ትንሽ ጠንከር ቢልም ኤሲአር የላትም።

የአካባቢውን ቻናሎች በአንቴና ነው የምናየው፤ በነፃ። መጀመሪያ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት መሳዩን ሞከርኩ። 4፣ 5 እና 26 ጥርት ብለው መጡ። 7 እና 9 ግን አሻፈረኝ አሉ፤ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይዋጣል። ለካ እነዚህ ሁለቱ ዛሬም የሚያሰራጩት ቪኤችኤፍ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ያ አባቶቻችን ቴሌቪዥን ላይ የነበረው ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና ይሻላል። ገዛሁ፣ ዘንጎቹን ዘረጋሁ፣ ወደ ዋሽንግተን አቅጣጫ አዞርኩት፣ ሁለቱም መጡ። ባለቤቴ አይታው "ደግሞ ወደ ደርግ ዘመን መለስከን" አለች።

ከማሽኑ ይልቅ ያስቸገረኝ ቤተሰቡ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ የከረመች ጊዜ ኪቦርዱንና ማውሱን አይታ "አንተ ሥራ ስትሄድ እኔ ይህን አይጥ ስጎትት ልዋል ልጄ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን ዝርክርክ ሁሉ አጠፋሁና ትልልቅ ሥዕሎች ብቻ አስቀመጥኩ፦ ለጸሎቱ አንድ፣ ለዜናው አንድ፣ ለድራማው አንድ። በእጅ ሲወዛወዝ ቀስቷን የሚያንቀሳቅስ፣ ዩኤስቢ ያለው ርካሽ ሪሞትም ገዛሁላት። ከዚያ በኋላ የድራማው ክፍል አምልጧት አያውቅም። ልጃችን ደግሞ ጨዋታ እንዲያይ ብሎ ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ቴሌቪዥኑን ሊያገናኘው ሲል ባለቤቴ ደረሰችበት። ቴሌቪዥኑ በራውተሩ እንዳይገባ ቀድሜ ዘግቼዋለሁ፤ የስልክ ሆትስፖት ላይ ግን ራውተር ምንም አያገባውም። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ጨዋታው በላፕቶፑ እንደሚታይ አሳየሁት፣ በቃው። ቤተሰቡን የሚያስቸግር ጥንቃቄ ዕድሜ የለውም፤ እናንተ ሥራ ስትሄዱ አንዱ ያፈርሰዋል።

ያጣነውም አለ። ኔትፍሊክስ በዚህ ላፕቶፕ 4ኬ የሚባለውን እጅግ ጥርት ያለ ምስል አያሳይም፤ እኛ ልዩነቱን ብዙም አናየውም፣ ኳስ ወዳዶቹ ጓደኞቼ ግን ያጉረመርማሉ። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስም በራሳቸው ቤት ያየነውን ማወቃቸው አልቀረም። ዩቲዩብን አካውንት ሳንከፍት እናያለን፤ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ያስቀረነው የሰርጉ ዲቪዲ፣ የአንቴናው ዜና፣ የልጆቹ የልደት ቪዲዮ በአንድ ተጨማሪ ዓይን መታየቱ ነው። ለኔ ይሄ ይበቃኛል። ቴሌቪዥኑ ዝማኔ (አፕዴት) አያገኝም ብላችሁ አትስጉ፤ ብዙዎቹ አምራቾች ሶፍትዌሩን ከድረ ገጻቸው አውርዳችሁ በፍላሽ እንድትጭኑ ይፈቅዳሉ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የማይሆንለት ሰው ቢያንስ ሴቲንግ ይግባ። ሳምሰንግ ላይ "ቪውዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ"፣ ኤልጂ ላይ "ላይቭ ፕላስ"፣ ቪዚዮ ላይ "ቪውዊንግ ዳታ" ይባላል፤ ሮኩ ቲቪ ላይ "ስማርት ቲቪ ኤክስፒሪየንስ" ውስጥ ነው። ከላይ ያልኳችሁ ተመራማሪዎች ይህ ሲጠፋ ኤሲአሩ መላክ ማቆሙን አይተዋል። አሮጌ ቴሌቪዥናችሁን ለሰው ስትሰጡም አካውንቶቻችሁን አውጡና ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሱት። ሶፍትዌሩ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያጠፋችሁት እንደጠፋ መሆኑን ገብታችሁ እዩ።