ሳላነብ የፈረምሁት ደብዳቤ

ከአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰነድ ለማግኘት ስነሣ የምፈራው መጉላላትን ነበር። መጉላላቱ አልፏል። ያላለፈልኝ በአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ላይ ያደረስሁት በደል ነው። ያን ዕለት አጠገቤ ቆሞ «እስቲ ከመፈረምሽ በፊት የመጀመሪያውን መስመር አንብቢው» የሚለኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ቤታችን ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ መዋጮ ከፍለናል፤ ደረሰኙ እስከ ዛሬ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከመንገዱ ጎን የተሠራው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግን ወንዙ ዘንድ አልደረሰም፤ ከእኛ አጥር ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት እናቴን ከነፍራሿ አንሥተን ወደ ሳሎን አዛወርናት። ጠዋት ጭቃውን ስጠርግ በልቤ የሚመላለሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ይህ ቦይ በንድፉ ላይ የሚያልቀው የት ነው? እዚሁ ከሆነ ንድፉ ስሕተት ነው። ወንዙ ድረስ ከሆነ ደግሞ ያልተሠራ ሥራ እንደ ተሠራ ተቆጥሮ ርክክብ ተፈጽሞበታል ማለት ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ የየራሱን ግምት ያወራል፤ እኔ ወረቀቱን ማየት ፈለግሁ።

ሕጉን አስቀድሜ አንብቤው ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሰብሰብንና የመቀበልን ነጻነት ይጨምራል። ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ምክንያት ካለ ሌላ 30 ቀን ሊራዘም ይችላል። አዋጁ ጥያቄውን በቃል ማቅረብንም ይፈቅዳል። በቃል አትጠይቁ። በቃል የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «ነገ ይመለሱ» ብቻ ነው፤ ነገ ሲመለስም ትናንት መጥቶ እንደነበር የሚያስታውስ አይኖርም።

መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ አደረግሁ፣ የመዋጮውን ደረሰኝ ቅጂ ያዝሁ፣ ሄድሁ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሐሙስ ግን አትሂዱ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የገባው ባለጉዳይ ሁሉ ጉዳዩን በዚያው ሊጨርስ መሥሪያ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ዓርብ ደግሞ የምሳው ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነውና ረፋዱ ላይ የደረሰ ሰው ቀኑን በደጅ ያሳልፋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ደብዳቤም በቁቤ ሲጻፍ ቶሎ ይሄዳል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው። በኦሮምኛ ገበያ ላይ እከራከራለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ አጽናናለሁ። ትምህርቴን የጨረስሁት ግን ቁቤ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ስለሆነ አንብቤው አላውቅም። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ማዶ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድሁ። እኔ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ በኦሮምኛ ይጽፋል። ገና ስጀምር «ማንን ነው የሚከሱት?» አለኝ። «ማንንም አልከስም፤ ሰነድ ማየት ነው የምፈልገው» አልሁት። ራሱን ነቅንቆ መጻፉን ቀጠለ። ሦስቱን ሰነዶች ዘረዘርሁለት፦ የቦዩን ንድፍ፣ ሥራው የተሰጠበትን ውል፣ የርክክቡን ቃለ ጉባኤ። ቦታው እንዳይምታታ ብዬም የጎረቤታችንን የአባባን ሙሉ ስም ጠርቼ «ከእሳቸው በር አንሥቶ እስከ እኛ አጥር ያለው ቦይ» አልሁ። ፈረምሁ፣ ከፈልሁ፣ ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቁጥርና ቀን ሰጥታ በቀሪው ቅጂዬ ላይ ማኅተም መታችልኝ። ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳልይዝ አልወጣም ብዬ ነበርና ያን ቀን እንደ ትልቅ ነገር ኮራሁ። ቤት ገብቼ በቀን መቁጠሪያው ላይ ሠላሳኛዋን ቀን አከበብኋት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በአባባ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱ ወረቀት ይዘዋል፣ አንዱ ቦዩን በሜትር ይለካል። አባባ በጋቢያቸው ተጠቅልለው መሬት መሬት ያያሉ። ምን ሆነ ብዬ ስጠጋ ወረቀት ከያዙት አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አቤቱታ አቅራቢዋ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

የጻፍሁት ደብዳቤ ከመረጃ ክፍል ደጅ አልደረሰም። ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ለኃላፊው ቀረበ፤ ኃላፊው ለቅሬታ ሰሚ መራው፤ ቅሬታ ሰሚው ደግሞ ለሚመለከተው ክፍል መራው። በመጨረሻ የጎረቤቴ ስም የተከሳሽን ቦታ ይዞ ወጣ። ቦዩን በበራቸው ላይ ዘግተው የእኛን ቤት በጎርፍ አስመቱ ተብለው፣ የይዞታ ካርታቸውንና የግብር ደረሰኛቸውን ይዘው በ3 ቀን ውስጥ እንዲቀርቡ ታዘዙ። እኚህ ሰው የአባቴን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። በዚያች የሐምሌ ሌሊትም ፋኖስ ይዘው የመጡልን እሳቸው ናቸው።

በዚያው ምሽት እናቴን ይዤ ሄድሁ። ተቀመጡ አሉን። ቡና አልተፈላም። ከጅማ ሰው ቤት ገብቶ ቡና ሳይፈላለት የወጣ ሰው ምን እንደተባለ ያውቃል። እኔ ሳስረዳ፣ እናቴ ስትምል፣ አባባ ዝም ብለው ሰሙንና አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ልጄ፣ ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ በገዛ እጄ አነሣው ነበር።» አላመኑኝም። በማግስቱ ማለዳ ከበራቸው ወደ መንገዱ የሚያሻግራቸውን የድንጋይ መረማመጃ እየፈነቀሉ ከግድግዳው ሥር ሲከምሩት አየሁ። ልርዳዎት ብል እጃቸውን በእምቢታ አወዛወዙልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት ሲወጡ በቦዩ ላይ አንዲት ጣውላ ጣል አድርገው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር የሚሻገሩት።

መሥሪያ ቤቱ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ያገኘሁት ሠራተኛ ማኅደሩን ገልጦ ደብዳቤዬን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ አሳረፈ። «ኮሚ ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ፊደሎቹን ከእንግሊዝኛ ትምህርት አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ስለቅማቸው እውነትም «ኮሚ» ይላል፤ ቅሬታ ማለት ነው። ይህን ቃል በየቀኑ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ያን ዕለት ከጃንጥላው ሥር ቆሜ ቀስ ብዬ ብለቅመው ኖሮ አነበው ነበር። አልሞከርሁም። ራፖር ጸሐፊውን ብዙም አልወቅሰውም፤ እሱ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከሳሽ ነው፣ እጁ የለመደውን ጻፈ። ከሥሩ የፈረምሁት እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤቱን ግን እወቅሳለሁ። ያ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ከርዕሱ ሥር ሦስት ሰነዶች ተዘርዝረዋል፤ ሰውዬው ይቀጡልኝ፣ ቦዩ ይከፈትልኝ የሚል አንድም ቃል የለበትም። ቢያንስ ሦስት ሰው ኅዳጉ ላይ ጽፎ መርቶታል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከርዕሱ ወርዶ ቢያነብ አንድ ሽማግሌ የይዞታ ካርታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ደጅ ባልጠኑ ነበር። ይህን ለሠራተኛው ስነግረው «አቤቱታዎን በጽሑፍ ካነሡ ይዘጋል» አለኝ። ያላቀረብሁትን አቤቱታ አነሣሁ። ከአቤቱታው ጋር የቆጠርኋቸው ቀናት ሁሉ ተሰረዙ።

መውጫውን ያሳየችኝ ያቺው የመዝገብ ቤት ልጅ ናት። «አዴ፣ ወረቀት የሚሄደው በርዕሱ ነው» አለችኝና በቁራጭ ወረቀት ላይ «ጋፊ ኦዴፈኖ» የሚለውን በቁቤ ጻፈችልኝ፤ የመረጃ ጥያቄ ማለት ነው። ሁለተኛውን ደብዳቤ የፈረምሁት እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልሁ ጮክ ብዬ ካነበብሁ በኋላ ነው። ራፖር ጸሐፊው ሰልፍ ይዘሽብኛል ብሎ ተቆጣኝ፤ ይቆጣ። ከላይ የመረጃ ጥያቄ መሆኑን፣ ቀጥሎ አድራሻው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል መሆኑን፣ ከዚያ ሦስቱን ሰነዶች ብቻ። ቦታውን የገለጽሁት በመብራት ምሰሶው ቁጥር ነው።

አንዳንድ ሰው መረጃውን ለምን እንደፈለጋችሁት ብታብራሩ ነገሩ ይቀልላችኋል ብሎ ይመክራል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ምክንያት ስትጽፉ ታሪክ ትጽፋላችሁ፤ ታሪክ ውስጥ ሰው ይገባል፤ የገባው ሰው ደግሞ በማኅደሩ ውስጥ ወይ ከሳሽ ወይ ተከሳሽ ይሆናል። የሰነዱን ስም ጻፉ፣ የሰው ስም አትጻፉ፤ የበጎ ሰው ስም ቢሆንም። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው «ለምን ፈለጉት?» ሲለኝ «ለማንበብ» ብዬ ዝም አልሁ። ቀጥሎ «ያ አዋጅ እኮ ተሽሯል» አለኝ። ይህን መልስ ለመስማት ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የቀድሞውን አዋጅ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል ተካ እንጂ የመረጃ ነጻነቱን ክፍል አልነካውም። ሁለቱንም አትሜ ይዤ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። አንብቦ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አዋጁ አላነሣም።

ሠላሳው ቀን አለፈ፤ መራዘሙን የሚገልጽ ወረቀትም አልመጣም። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ አስገባሁ፦ ቀኑ ማለፉን፣ መልስ ካጣሁ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንደማመለክት። አዋጁን የመከታተል ሥልጣን ያለው ይህ ተቋም ነው። በስድስተኛው ቀን ተደወለልኝ። የዋጋ ዝርዝሩ ያለበት ገጽ የሥራ ተቋራጩ የንግድ ምስጢር ነው ተብሎ ቀርቶ ሌላው ተሰጠኝ። ለቀረው ገጽ አልተከራከርሁም። ብከራከር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደክሞኛል፣ የፈለግሁትም እሱን አልነበረም።

ንድፉ ላይ ቦዩ በእኛ አጥር ሥር አልፎ ወንዙ ድረስ ይሄዳል። ቃለ ጉባኤው ሥራው በንድፉ መሠረት ተጠናቅቋል ይላል። አሁን ጉዳዩን የያዘው የሰፈሩ ሰው በአንድነት ነው፤ እኔ ወረቀቶቹን አባዝቼ ሰጥቻለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ንድፉን ይዤ አባባ ቤት ገባሁ። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋሁትና በጣቴ እየተከተልሁ ማንበብ ጀመርሁ፤ ስሳሳት ልጅቱ ታርመኛለች። አባባ መነጽራቸውን አጥልቀው ከላይ ያያሉ። ከሁሉም በር ፊት በቦዩ ላይ አንዳንድ አራት ማዕዘን ተሥሏል። የራሳቸውን በር ቆጥረው አገኙትና በበትራቸው ጫፍ ነኩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ከጎኑ የተጻፈውን አነበበች። «መሻገሪያ ነው፣ አባባ። የሲሚንቶ መሻገሪያ። በየበሩ ይሠራል ይላል።»

አባባ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከግድግዳው ሥር የከመሯቸው ድንጋዮች በመስኮቱ ይታያሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ልጅቱን ከሰል እንድታያይዝ፣ ረከቦቱንም እንድታወጣ ላኳት።