ዓይኔ እየደከመ ሩጫዬን ያስቀጠልኩበት መንገድ

እስካሁን ከሩጫ ያላለያየኝ አንድ ልማድ ነው፦ ዓይኔ ነገ የሚነፍገኝን ነገር ዛሬውኑ ያለ እሱ መሮጥ እለማመዳለሁ። ጨለም ሲል ማየት ጨርሶ ሳያቅተኝ የምሽት ሩጫን ተውኩ። መንገዱ ገና እየታየኝ ከመሪ ሯጭ ጋር የሚያያይዘኝን ገመድ መያዝ ጀመርኩ። ገመዱ ግድ ሲሆን እጄ ለምዶት ስለነበር ልምምዱ አልተቋረጠም። «አይዞህ፣ በርታ» ልብ ያሞቃል፤ የመንገድ ጠርዝ ግን አያሻግርም። ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ የሚቆየው ቀጣዩ መላ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚያ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ የትኛው የዕይታ ክፍል እየሄደ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የሩጫው አደጋ በዚያ ይለያያልና። የዓይን ነርቭ ሕመም የሆነው ግላኮማና የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ሕመም የሆነው ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዳር ነው። ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ይታያል፤ እግር ሥር ያለው ድንጋይና ከጎን የሚገባው ብስክሌት ግን አይታዩም። በሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው በጨለማ የማየት አቅም ነው። የማኩላ፣ ማለትም የሬቲናው መሃል፣ ሕመም ተቃራኒ ነው፤ መሃሉ ይደበዝዛል፣ ዳሩ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሯጭ የመንገዱን ጠርዝ ተከትሎ መሮጥ ይችላል፤ የእጅ ሰዓቱን ቁጥርና ሰላም ያለውን ሰው ፊት ግን አይለይም። ዳሩ የጠፋበት ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያዞረ መቃኘት አለበት፤ መሃሉ የጠፋበት ዓይኑን ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ በቀረው ክፍል ማየትን ይለማመዳል። ሐኪሙን «ስንት ቀረኝ?» ከማለት «የቀረልኝ ዕይታ በየትኛው በኩል ነው?» ማለት ለሯጭ የሚጠቅም መልስ ያስገኛል።

ዕይታ ሲደክም ብርሃን ራሱ ያስቸግራል። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ ሲገባ የታመመ ሬቲና ቶሎ አይላመድም፤ ስለዚህ ጥላና ፀሐይ የሚፈራረቁበት መንገድ ሙሉ ጥላ ካለበት ይከፋል። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ ከጀርባ እያደረጓት መሮጥ ይሻላል። ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍም ከፊት በፊት እሱን ይነካል። ቢጫ ወይም ብርቱካንማ መነጽር ለአንዳንዱ ጉብታውን ያጎላለታል፣ ለሌላው ምንም አይለውጥለትም፤ ከመግዛት በፊት ተውሶ ውጭ ወጥቶ መሞከር ነው። ጨርሶ ለማያየውም ቢሆን መነጽር ያስፈልጋል፤ ቅርንጫፍ ሲመጣ ዓይኑ አይቶ አይጨፈንለትምና።

አንድ የማያወላዳ ነገር አለ። ድንገት ብልጭታ ከበዛ፣ አዲስ ጥቁር ነጠብጣቦች መንሳፈፍ ከጀመሩ ወይም ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ሩጫው እዚያው ቆሞ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ መቼ እንደሚሮጥም የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ እንጂ ሯጩ አይደለም።

ወደ ገመዱ ልምጣ። የማይለጠጥ የጥጥ ገመድ ወይም ጠፍጣፋ የጫማ ክር 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል። ሁለቱ ጫፎች ይቋጠራሉ፤ የተገኘው ቀለበት መሃሉ ላይ እንደገና ሲቋጠር የ8 ቁጥር ቅርጽ ይይዛል። አንዱ ቀለበት የሯጩ፣ ሌላው የመሪው ነው። ቋጠሮው ርዝመት ስለሚበላ ከተሠራ በኋላ ወጥሮ መለካት ያስፈልጋል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ማሳጠር ነው። በፓራ አትሌቲክስ የሩጫ መም ውድድርም ሕጉ ገመዱ ከ30 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥና እንዳይለጠጥ ያዛል። ላስቲክ ከሆነ መሪው ሲዞር ምልክቱ እጄ ላይ የሚደርሰው አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ አንድ እርምጃ አይጠብቅም። የናይለን ገመድ በላብ ያንሸራትታል፣ ጣትም ይልጣል። እኔ ቀለበቱን በጣቶቼ እይዘዋለሁ እንጂ አንጓዬ ላይ አላስረውም፤ አንዳችን ብንወድቅ ሌላው አብሮ እንዳይጎተት።

ጀማሪዎችን የሚያደክመው የእጅ አወዛወዝ ነው። መሪው በግራዬ ካለ የእኔ ግራ እጅና የእሱ ቀኝ እጅ በገመዱ ተያይዘዋል፤ ሁለቱ እጆች አብረው ወደ ፊት፣ አብረው ወደ ኋላ መሄድ አለባቸው። ይህ የሚሆነው የውስጥ እግሮቻችን፣ ማለትም የእኔ ግራና የእሱ ቀኝ፣ በአንድ ጊዜ ሲራመዱ ብቻ ነው። ባንዲት እርምጃ እንኳ ከተዛነፈ ገመዱ በየእርምጃው ይጎትታል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ትከሻ ማመም ይጀምራል። ስለዚህ ቆመን እንረግጣለን፣ ከዚያ 100 ሜትር ያህል እንራመዳለን፣ ከዚያ ነው ሶምሶማ። እርምጃውን የሚያስተካክለው መሪው ነው፤ እኔ የራሴን እርምጃ ልለውጥ ከሞከርኩ ሁለታችንም እየተለዋወጥን መገናኘት ያቅተናል።

ንግግሩ አጭርና ሁሌም አንድ ዓይነት ይሁን። ከእኔ ጋር የሚሮጡት የሚጠቀሙባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፦ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ከፍ»፣ «ዝቅ»፣ «ጠባብ»፣ «ቁም»። አቅጣጫ ይቀድማል፣ ምክንያት ይከተላል፤ «ቀኝ፣ ጉድጓድ» እንጂ «እዚህ ጋ ጉድጓድ ስላለ ወደ ቀኝ…» ከተባለ እግሬ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከፍታ ሲመጣ «ከፍ፣ 3፣ 2፣ 1» ይባላል፤ 1 ላይ እግሬ ይነሳል። ቆጠራው በእርምጃ እንጂ በሰከንድ አይደለም፤ ሰው ሲደናገጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚቆጥር እርምጃውን እንዲከተል አስቀድሞ መነጋገር አለበት። «ጠባብ» ሲባል መሪው ገመድ የያዘውን እጅ ወደ ጀርባው ይወስዳል፣ እኔ ከኋላው እሰለፋለሁ። የመታጠፊያው መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻውም ይነገር፤ «ጨረስን» ካልተባለ ሰውነት መዞሩን ይቀጥላል። ከሁሉ የማይረባው ቃል «ተጠንቀቅ» ነው፤ ከምን፣ በየት በኩል የሚለውን ስለማይመልስ ሯጩን ያደነዝዘዋል። «ለ200 ሜትር ንጹህ ነው» ደግሞ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ትከሻ የሚላላው፣ ሩጫ ሩጫ የሚመስለው ያኔ ነው።

መሪ ከእኔ የፈጠነ መሆን አለበት፤ እኩል ከሆነ አይበቃም። እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር፣ ለሁለት ሰው ማየት፣ እርምጃውንም መጠበቅ አለበት። እኔ ኪሎ ሜትሩን በ5:30 የምሮጥ ከሆነ በ4:45 ሳይጨነቅ የሚሮጥ ሰው እፈልጋለሁ። ኬንያዊው ሄንሪ ዋንዮይኬ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ፓራሊምፒክ 5,000 ሜትር ሲያሸንፍ መሪው መጨረሻ ላይ ዝሎ ሯጩ ነበር መሪውን የጎተተው። ሕጉም በ5,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ሁለት መሪዎችን እየቀያየሩ መጠቀም ይፈቅዳል። ለልምምድም አንድ ሰው ላይ መንጠልጠል አይበጅም። ሁለት ሦስት ሰዎች ቀን ተከፋፍለው ሲይዙ ማንም አይሰለችም፣ አንዱ ሲቀር ሳምንቱ አይበላሽም።

ገመድ የደካማ ሯጭ ምልክት የሚመስለው ካለ የፓራሊምፒኩን ምድብ ይመልከት። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ 1,500 ሜትር ያሸነፈችው የተወሰነ ዕይታ ባላቸው በቲ13 ምድብ፣ ያለ መሪ ነው። ያየሽ ጌቴ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል በማያዩት በቲ11 ምድብ ወርቅ ያገኘችው ከመሪዋ ጋር በገመድ ተያይዛ ነው። መካከል ላይ ባለው ቲ12 ምርጫው የአትሌቱ ነው። ዕይታው እየቀነሰ ያለ ሰው የሚያመነታውም በዚህ በመሃሉ ስፍራ ይመስለኛል፤ ትንሽ ስለሚያይ አያስፈልገኝም ይላል፣ ሰውም አያይም ብሎ ስለማያስብ መንገድ አይለቅለትም።

ለመጀመሪያ ልምምድ የሩጫ መም የሚያህል የለም፤ ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ጉድጓድ የለውም፣ ቅርጹም በጭንቅላት ይያዛል። ደረጃውን የጠበቀ መም ሁለቱ ቀጥታዎች እያንዳንዳቸው 84.39 ሜትር ናቸው፤ የተቀረው ጥምዝ ነው። ጥቂት ቀን ከተሮጠ ሰውነት ጥምዙ የሚጀምርበትን ራሱ ይገምታል። የመጀመሪያውን መስመር እተዋለሁ፤ የውስጥ ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ጣት ይመታል። 4ኛው መስመር ላይ አንድ ዙር 422 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሰዓት ሲያዝ ይህን ማሰብ ነው።

መሪ በጠፋ ቀን የሚሠራ ነገር ቀድሞ መኖር አለበት። ሜዳ ካለ በሁለት ጠንካራ ምሰሶዎች መካከል በወገብ ቁመት ገመድ መወጠር ይቻላል፤ ከ50 እስከ 80 ሜትር ይበቃል፣ ከዚያ ከረዘመ መሃሉ ይረግባል። ገመዱ ላይ ቀለበት ወይም አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ይገባና በአጫጭር ክር ይያዛል። ከየምሰሶው 5 ሜትር ሲቀር ወፍራም ቋጠሮ ይደረጋል፤ ቀለበቱ ሲመታው መቆሚያው መድረሱን ያስታውቃል። ቋጠሮው ከተረሳ የሚያስቆመው ምሰሶው ነው። ትሬድሚል ላይ ደግሞ የማስቆሚያውን ክር ልብስ ላይ ሳይሰኩ መጀመር አይገባም። ሰው ሳያይ ሲሮጥ ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል በየጥቂት እርምጃው የእጄን ጀርባ ከድጋፉ ጋር አነካካለሁ። የፍጥነትና የማቆሚያ ቁልፎች ላይ በጣት የሚለይ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር ይለጠፍ። ስልክና የእጅ ሰዓት በየኪሎ ሜትሩ በድምፅ እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል፤ የስልኩን ገጽ ጮክ ብለው የሚያነቡትን ቶክባክ ወይም ቮይስኦቨር መለማመድም ዓይን እያለ ቢጀመር ይቀላል። ውጭ ላይ ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አልጠቀምም። ነፋስና ዝናብ ብቻቸውን የመኪና ድምፅ ይሸፍናሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቀድሞውንም ድምፁ ትንሽ ነው።

ሰውነት ላይ የሚመጣውን ለውጥ ብዙዎች ከዕድሜ ያዩታል። ጥቂት የሚያይ ሯጭ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ይፈልጋል፣ እርምጃውን ያሳጥራል፣ በየእርምጃው ፍሬን ይይዛል፤ ውጤቱ የአንገት፣ የወገብና የባት ሕመም ነው። መፍትሔው አገጭን ቀና አድርጎ፣ ጉልበትን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ እግርን ከሰውነት ሥር ማሳረፍ ነው። ሚዛን በከፊል የዓይን ሥራ ስለሆነ ያጣውን ከቁርጭምጭሚት መልሶ መገንባት ያስፈልጋል። ግድግዳ አጠገብ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፣ በየእግሩ 3 ጊዜ፣ በየቀኑ። ሶሉ በጣም ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ መሬቱን ይደብቃል፣ ሲረግጡት ያወላግዳል፤ መጠነኛ ሶል ያለው ይሻላል።

ስለ ስሜቱ ብዙ የሚባል ቢኖርም ለእኔ የጠቀሙኝ ጥቂት ናቸው። የድሮውን ሰዓቴን መዝገብ ዘጋሁና ከገመድ በኋላ ያለውን እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ በሌላ ሁኔታ የተሮጠ ሰዓት ማወዳደሪያ አይሆንም። ዕይታ አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ሐዘኑ እንደ አዲስ ይመጣል፤ ያንን ሳምንት ፍጥነት የለም፣ ቀላል ሩጫ ብቻ ነው፣ ግን አይቀርም። ዕይታ ሲጠፋ አንዳንድ ሰው የሌለ ቅርጽ፣ ፊት ወይም ንድፍ ሊታየው ይችላል። ቻርልስ ቦኔት ሲንድሮም ይባላል፤ አንጎል የጎደለውን ምስል ሲሞላ የሚመጣ እንጂ እብደት አይደለም። ለሐኪም መናገር፣ ለመሪም አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ አለበለዚያ ከሌለ ነገር ለመሸሽ ሲባል ገመዱ ይጎተታል።

ውድድር ሲታሰብ አዘጋጆቹን ቀድሞ ማሳወቅ፣ ለሁለቱም ቁጥር መጠየቅ፣ ከኋላ የሚመጣው እንዲያውቅ ዓይነ ስውር ሯጭ የሚል ደማቅ ልብስ መልበስ ነው። መነሻ ላይ ዳር ይያዛል። ውሃ ጣቢያ ላይ መሪው አንሥቶ እጄ ላይ ያስነካኛል፤ ወለሉ እርጥብና በኮዳ የተሞላ ስለሆነ ከጠረጴዛው አለፍ ብለን ነው የምንጠጣው። በሕጉ መሪው ከሯጩ ቀድሞ መስመሩን አይረግጥም፣ አይጎትትም፣ አይገፋም። መስመሩ ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ድንገት ስለሚቆም ግጭት የሚበዛው እዚያ ነው፤ መሪው «ቁም» እስኪል ገመዱን አልለቅም፣ ታጣፊ በትሬም ወገቤ ላይ ነው።