ለእማዬ የላክኩት ወንፊት

«ወንፊት ነው እንዴ የላክሽልኝ?»

ብርድ ልብሱ በደረሳት ማታ እማዬ በኢሞ ደውላ መጀመሪያ ያለችኝ ይሄንን ነው። እንዴት አመሸሽ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ስልኩን ወንድሜ ይዞላታል፤ እሷ ጨርቁን ፊቷ ላይ ወጥራ በቀዳዳው ታጮልቃለች። አንድ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፣ በደህናው መሆኑ ነው። «ይኸው አየሁሽ። ከስተሻል» አለች።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ ልብስ ሲባል ምን እንደሚታየው ያውቃል። ባና ነው። ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የተሠራ፣ አንተ ስትገላበጥ እሱ የማይገላበጥ፣ እርጥበት ያገኘው ቀን በግ በግ የሚሸት። እማዬ ጥጡንም ፀጉሩንም ስትፈትል ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። በእሷ ቤት ጨርቅ ከተበሳሳ ወይ ብል በልቶታል፣ ወይ ሸማኔው ሰነፍ ነው። ሆን ብላ ቀዳዳ የምትሠራ ልጅ መውለዷን ያወቀችው ገና አሁን ነው።

እኔ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ፣ ፖርት ኤልዛቤት ነው። የከተማዋን ስም በ2021 ቀይረውት ምላስ ካላስጮኹ የማይጠራ ሆኗል፤ እኛ ሐበሾች ግን አሁንም ፒኢ ነው የምንላት። ከባለቤቴ ጋር ሠፈር ውስጥ አንዲት ሱቅ አለችን። ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጠሽ ዳቦ፣ ፓራፊን፣ ኤርታይም ትሸጫለሽ። ከፍርግርጉ ወዲያ ደግሞ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ለልጅ ልጆቻቸው ሹራብ የሚሠሩ አንዲት ማማ አሉ። በደንብ የምንግባባበት ቋንቋ የለንም። እሳቸው በኮሳ ይናገራሉ፣ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፤ የተረፈውን መርፌው ይናገራል። አገሬ ሳለሁ በኪሮሽ የቴሌቪዥን ዳንቴል እሠራ ስለነበር እጄ ክር አይፈራም፤ ሁለት መርፌ መያዝ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ሞሄር የሚባለውን ፀጉር ያወቅኩት ጃንሰንቪል የሚባል የካሩ ከተማ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ስንሄድ ነው። ካሩ ደረቅ አገር ነው፣ ቁጥቋጦና ድንጋይ። መንገዱ ዳር አንድ መንጋ አየሁ፤ ፀጉራቸው እየተጠቀለለ እንደ ሹሩባ መሬት ሊነካ ደርሷል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሐር ያብለጨልጫል። ፍየል መሆናቸውን ያመንኩት ሲጮሁ ነው። የአንጎራ ፍየል ይባላሉ፤ ሞሄር የእነሱ ፀጉር ነው፤ አንጎራ የዛሬዋ አንካራ ናት። የዓለም ሞሄር ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከዚሁ ከደቡብ አፍሪካ፣ አብዛኛውም ከእኛው ክፍለ ሀገር ከኢስተርን ኬፕ መሆኑን ከዚያ በኋላ ነው ያወቅኩት። ስሙ ራሱ ከዐረብኛ «ሙኸያር» ነው የመጣው፤ የተመረጠ ማለት ነው።

እዚህ አገር እንዴት እንደገቡ የሚተረከው ታሪክ ለእማዬ በጣም ነው የተመቻት። እ.ኤ.አ. በ1838 ከቱርክ 12 ወንድና አንዲት ሴት ፍየል በመርከብ መጡ። ቱርኮቹ ዘሩ ከእጃቸው እንዳይወጣ ወንዶቹን እንዳያስረግዙ አድርገው ነበር የላኳቸው፤ በእኛ አነጋገር ሙክት ልከው ነበር። ሴቷ ግን አርግዛ ኖሮ መንገድ ላይ ወንድ ወለደች። «ሴቷን መች ጠየቋት!» ብላ እማዬ ሳቀች።

በዓመት ሁለት ጊዜ ይሸለታሉ። የተሸለቱ ሰሞን ብርድና ዝናብ ከመጣ ያልቃሉ፤ እረኛው ማታ ማታ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነው የሚከርመው። ምርጡ ፀጉር የግልገሉ ነው። ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ፀጉራቸው እየወፈረ ይሄዳል። እኔ የገዛሁት የግልገል ሞሄር ከሐር ጋር የተፈተለ ነው፤ አንዱ ድውር 25 ግራም፣ 210 ሜትር። ዘጠኝ ድውር ገዛሁ። ዋጋው ለባለቤቴ እስካሁን አልተነገረውም።

ንድፉ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት ከሼትላንድ ደሴቶች የመጣ ነው፣ የባሕር ማዕበል የሚመስለው። 190 ቀለበት መርፌው ላይ ጣልኩ። ግራና ቀኝ ለጠርዝ አምስት አምስት፣ መሃሉ 180፤ አንዱ ማዕበል 18 ስለሚፈልግ 10 ማዕበል ይወጣዋል። ሥራው በየአራት መስመሩ ይደጋገማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ሜዳ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ሁለት ቀለበት እያጣመርሽ ሦስት ጊዜ ትሠሪያለሽ፤ ከዚያ ክሩን መርፌው ላይ ጣል አድርጎ አንድ መሥራት፣ ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ እንደገና ሁለት ሁለቱን ማጣመር፣ ሦስት ጊዜ። ክሩን ጣል ያደረግሽበት ነው ቀዳዳ የሚሆነው። አራተኛው ላይ ከጀርባ ሆነሽ የፊቱን አሠራር ትሠሪያለሽ፣ ሸንተረሩን የሚያወጣው እሱ ነው። ሂሳቡ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! 12 ገብቶ 6 ይወጣል፣ 6 ገብቶ 12 ይወጣል፤ 18 የነበረው 18 ሆኖ ያልፋል። የሱቅ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ገቢና ወጪ ሲገጥም እንቅልፌ ይመጣል።

ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነው፣ መርፌው ግን አምስት ሚሊሜትር። በቀጭን መርፌ ከሠራሽው ፀጉሩ መተንፈሻ አጥቶ እንደ ፈረስ ግላስ ድርቅ ይላል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ሞሄር የያዘውን አይለቅም። የመርካቶ ክር ቢሆን ስትሳሳቺ ጫፉን ስበሽ ዝርግፍ አድርገሽ ትተረትሪዋለሽ። የሞሄር ስስ ፀጉር ግን እርስ በርሱ ተቃቅፎ ይቀመጣል፤ ስትስቢው ይቋጠራል፣ ስታጠብቂው ይበጠሳል። ማማ ይሄን ስለሚያውቁ በየጥቂት ማዕበሉ ቀለበቶቹ ሁሉ ውስጥ ለስላሳ የጥጥ ክር እንዳሳልፍ አሳይተውኛል። ስትሳሳቺ እስከ ጥጡ ድረስ ትተረትሪያለሽ፣ ከዚያ አያልፍም። ሁሌም አደርገው ነበር። ከአንድ ማታ በስተቀር።

ይሄን እማዬ አታነበውም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ሐምሌ ላይ ነው፤ እዚህ ሐምሌ ዋናው ብርድ ነው። ልንዘጋ ስንል ሱቁ ተዘረፈ። ሦስት ልጆች ነበሩ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው ነው ሽጉጥ የያዘው። ባለቤቴ የቀኑን ሽያጭ ሰጠ፣ ስልኮቹን ሰጠ፣ ሄዱ። ሰው አልተነካም። እዚህ አገር ሐበሻ ለሐበሻ «ሰው አልተነካም» ካለ ወሬው አለቀ ማለት ነው። እሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። መብራቱም በተራው የሚጠፋበት ሰዓት ደርሶ ጠፋ። እኔ በሩን ቆልፌ፣ የቻርጅ ፋኖሱን አብርቼ መሥራት ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ካላገኘ አልቆም ብሎኛል። እሱ እስኪመለስ አሥር መስመር ሄጄ ነበር።

በሳምንቱ ስቆጥር 189።

ሞሄር አልተረተር ሲል ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል፤ ብርዱ ፀጉሩን ስለሚያስተኛው ቀለበቱ ከቀለበት ይንሸራተታል። በፌስታል ጠቅልዬ ከዶሮ እግሩ ጎን ከተትኩት። አንድ ልጅ በመስታወቱ አይቶ ዋጋውን ጠየቀኝ፣ አይስክሬም መስሎት። በሁለት ሰዓቱ አውጥቼ ስድስት መስመር ያህል ተረተርኩ፤ ሰባተኛው ላይ ተቋጥሮ እንቢ አለ። ብዙ ታገልኩት። መቀስ ሁሉ አነሣሁ። በመጨረሻ ሁለት ቀለበት መሃል ካለው ክር አንድ ቀለበት ስቤ አወጣሁና ቁጥሩን 190 አድርጌ ቀጠልኩ። ከ57 ሺህ ቀለበት መሃል አንዱን ማን ያየዋል?

ሲያልቅ የተጨማደደ ነገር ነው የሚመስለው። ለብ ባለ ውኃና በሻምፑ ዘፍዝፌ፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ረግጬ፣ ፍራሹ ላይ በእስፒል ወጠርኩት። ማዕበሉ አንድ በአንድ ሲከፈት ማየት የሥራው ሁሉ ደመወዝ ነው። ባለቤቴ ያን ማታ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ተኛ።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አጣን ብዬ ስፈራ፣ «ኪሎዬ ሞልቷል» ያለችኝ ልጅ በእጇ መዘን መዘን አድርጋው ዝም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም ብርድ ልብስ፣ ከሩብ ኪሎ ቡና ያንሳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማዬ እንደገና ደወለች።

«ወንፊትሽ ይሞቃል» አለች፣ ቅር እያላት። ከጋቢው ሥር ነው የምታደርገው። ፀጉሩ አየሩን ይዞ ስለሚያስቀር መሆኑን ላስረዳት ስሞክር «ተይው፣ ሞቆኛል አልኩሽ» አለችኝ። ከዚያ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ትዳብሰው ጀመር። ፈትል የምትመረምረው እንዲህ ነው፣ ቀና ብላ፣ ሌላ ነገር እያየች።

«እዚህ ጋ ግን ምን ሆነሽ ነው?»

ወንድሜ ስልኩን አስጠጋው። ጣቷ ያረፈበትን አየሁ።

«ምኑ ጋ?»

«እስከዚህ ድረስ እጅሽ ላላ ብሎ ነው የመጣው። እዚህ ስትደርሺ ጠበቀ። የሌለ አንድም ጨምረሻል። ከዚህ ወዲህ ደግሞ ተመልሷል።»

«መብራት ጠፍቶ ነው እማዬ።»

«መብራት ሲጠፋ እጅ ይላላል እንጂ አይጠብቅም» አለች። ትንሽ ዝም አለች። ጣቷ አልተነሣም። «ባልሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲህ» አለችና ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ እዚያ አገር ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ።