ቤቴ እባብ እንዳለ ሲሰሙ

ቤቴ ውስጥ እባብ እንዳለ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ከላይ እስከ ታች ያየኛል። እስከ ትናንት የሚያውቃት ልጅ ዛሬ ሌላ ሰው ሆና የመጣች ይመስለዋል። ቀጥሎ "ምን ነክቶሽ ነው?" ይመጣል።

ውሻ ያሳደገን ሰው ለምን አሳደግክ የሚለው የለም። ድመትም፣ ወፍም፣ ዓሣም እንደዚያው። እባብ ላይ ሲደርስ ግን ምክንያት የግድ ነው። አንዱ "መታየት ፈልጋ ነው" ይላል። ሌላው "ሰው ጠልታ ነው" ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከባድ ነገር ደርሶብሽ ነበር እንዴ?" ብሎኛል። ከልቡ አዝኖልኝ ነው የጠየቀኝ። ምንም አልደረሰብኝም። እግር የሌለው ፍጡር እንዴት ወደፊት እንደሚሄድ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ያስደስተኛል። ሆዷ ላይ ያሉት ሰፋፊ ቅርፊቶች መሬቱን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መላ ሰውነቷ ያለ ድምፅ ሲያልፍ፣ ሰዓቱ ሳላውቀው ይሄዳል። ምክንያቴ ይኸው ነው። ለብዙ ሰው አይበቃም፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ብርቱካን እላታለሁ። ኮርን ስኔክ የሚባለው ዝርያ ናት፤ ዘሯ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። መርዝ የላትም። ጀርባዋ ብርቱካንማ ነው፤ ጥቁር መስመር የከበባቸው ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት። ሆዷ ደግሞ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ነው። አዋቂ ኮርን ስኔክ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ይረዝማል። በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ምግቧ አይጥ ነው፤ ሞቶ በረዶ የሆነ፣ በሙቅ ውኃ የቀለጠ። ከበላች በኋላ ለ2 ቀን ያህል አልነካትም።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ሳልጨርስ፣ የሚያዳምጠኝ ሰው "ቆይ ግን" ብሎ አንድ ታሪክ ይጀምራል። ታሪኩን አውቀዋለሁ። ሴትየዋ ዘንዶ ታሳድጋለች። ዘንዶው ምግብ እምቢ አለ። ሌሊት ሌሊት አጠገቧ ተዘርግቶ ይተኛል። የእንስሳት ሐኪም ብትጠይቅ፣ "ሊውጥሽ እየለካሽ ነው" አላት። ተራኪው ሁልጊዜ ሴትየዋን የሚያውቅ ሰው ያውቃል።

እባብ የሚበላውን እንዲህ አይለካም። ዘንዶ አድብቶ የሚያድን እንስሳ ነው። የሚይዘውን የሚይዘው ሳይታይ ነው እንጂ አጠገቡ ተጋድሞ እያደረ አይደለም። ምግብ እምቢ ማለቱም የተለመደ ነው። ቆዳውን ሊቀይር ሲል፣ ሲበርደው፣ የመራቢያው ወቅት ሲመጣ ላይበላ ይችላል። ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዝርያ ወራት ሙሉ ሳይበላ ጤነኛ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ይህን በትዕግሥት አስረዳለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዳንዱ ታሪኩን በጣም ስለሚወደው ሊለቀው አይፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ስልኬ ላይ የሚመጣው ፎቶ ነው። እባብ የሚያሳድጉ ጓደኞቼም በዚህ ተማርረዋል። ጭንቅላቱ የተቀጠቀጠ እባብ ዱላ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከኋላው ሰዎች እየሳቁ። ከሥሩ "አንቺን አስታወሰን" ተብሎ ተጽፏል። የሚልኩልኝ የሚጠሉኝ ሰዎች አይደሉም። የአጎቴ ልጅ ልካልኛለች። አብሮ አደጌ ልኮልኛል። ለቀልድ ነው የሚልኩት። ግን ውሻ ለሚያሳድግ ሰው የተገደለ ውሻ ፎቶ ማንም ለቀልድ አይልክም።

አሁን አሁን ዝም ብዬ አላልፍም። "ይሄ ያሳዝነኛል፣ እባክሽ አትላኪልኝ" እላለሁ። የአጎቴ ልጅ ይህን ስላት ደወለችልኝ። "እውነት ታዝኛለሽ?" አለችኝ። አዎ፣ አዝናለሁ። ፎቶው ላይ ያለው እባብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንንም የማይጎዳ፣ አይጥ እየበላ የሚኖር ነው። ተረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ አልላከችም።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ ተነድፎ የሚሞተው ሰው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ይደርሳል ብሎ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በብዛት የሚጎዱት ገበሬዎችና ልጆች ናቸው፤ ሐኪም ቤት ርቆባቸው፣ መድኃኒቱ ጠፍቶባቸው። በባዶ እግሩ ሣር ውስጥ የሚውል ሰው እባብ ሲያይ ዱላ ቢያነሳ፣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ልወቅሰው አልችልም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከ3,000 በላይ ዝርያዎች መርዝ ያላቸው 600 ያህል ብቻ ናቸው ብሎ ጨለማ ውስጥ ቆሞ የሚያስብ የለም። እኔ የምለው ፍርሃቱና ቀልዱ ይለያዩ ነው።

ስለ ፍርሃት ብዙ ያስተማረኝ አንድ ልጅ ነው። ጓደኛዬ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ማየት ይፈልጋል ብላ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ብርቱካንን አውጥቼ ክንዴ ላይ ያዝኳት። ልጁ ቀስ ብሎ ተጠጋ። ምላሷን ስታወጣ ስታስገባ አየና "ምን እያደረገች ነው?" አለኝ። "እያሸተተችህ ነው" አልኩት። እባብ ከአየር ላይ ሽታ የምትሰበስበው በምላሷ ነው፤ ላንቃዋ ላይ ያለው የማሽተቻ አካል ይለየዋል። ልጁ ሳቀ። ጣቱን ዘረጋ። ሊነካት ጥቂት ሲቀረው ዞር ብሎ እናቱን አየ። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አፏን በእጇ ይዛለች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የልጁ እጅ ተመልሶ ኪሱ ገባ። "ይቅርብኝ" አለ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱዛን ሚኔካና ማይክል ኩክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሪሰስ በሚባሉ ጦጣዎች ላይ አይተውታል። ላብራቶሪ ውስጥ የተወለዱት ጦጣዎች እባብ አይፈሩም ነበር። ሌላ ጦጣ እባብ ፈርቶ ሲደነብር ካዩ በኋላ ግን እነሱም መፍራት ጀመሩ። ጦጣው አበባ የፈራ እንዲመስል ተደርጎ የተቀናበረ ቪዲዮ ሲያዩ ደግሞ አበባን መፍራት አልተማሩም። እባብን መፍራት ቶሎ ይጋባብናል ማለት ነው፤ ግን የሚያጋባብን ይፈልጋል። ጓደኛዬን አልወቀስኳትም። ለልጇ ብላ እዚያ ክፍል ውስጥ መቆሟ ራሱ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ሳልጠይቅ አላወጣትም። እናቴ ስትመጣ የዚያ ክፍል በር ይቆለፋል፤ ቁልፉን ለእሷ እሰጣታለሁ። ቁልፉ በእጇ ሲሆን ትረጋጋለች።

እባብ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሰው መሃል የሚወጡ አሳዳጊዎች ያናድዱኛል። ሰው ሲጮህ ይስቃሉ። እባቡ ይጨነቃል፤ የሚፈራውም ሰው ይጎዳል። በኋላ እኛ ሌሎቹ ስለ እባባችን ስናወራ የሚጠብቀንን ፊት ያጠቆሩት እነሱ ናቸው። ሲሰለቻቸው ዱር የሚለቁትማ ይብሳሉ። አሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ውስጥ፣ የበርማ ፓይተን የሚባለው ትልቅ ዘንዶ ተራብቶ የአካባቢውን አጥቢ እንስሳት ያመናመነው፣ ከአሳዳጊና ከነጋዴ እጅ ተለቅቆና አምልጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ዝርያው ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች። ጎረቤት "ብታመልጥስ?" ብሎ ሲጠይቀኝ የማልቆጣው ለዚህ ነው።

ከሁሉም አጠያየቅ የወደድኩት የአከራዬን ነው። ቤቱን ከመከራየቴ በፊት ነገርኳቸው። ጸጥ አሉ። "ልጄ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ" ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። "እባቧን አላይም" አሉ። "ሳጥኗን ግን አሳዪኝ።" ባዶውን የመስታወት ሳጥን አመጣሁላቸው። ተንሸራታቹን በር ገፉት። መቆለፊያውን ሳብ ሳብ አደረጉት። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣታቸው ለኩና "ጭንቅላቷ በዚህ ያልፋል?" አሉኝ። መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፤ እባብ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ይከተላል። እንደማያልፍ ነገርኳቸው። ቢሆንም በዚያው ቀን በወንፊት ደፈንኩት። ከዚያ "ስንት ዓመት ትኖራለች?" አሉ። ነገርኳቸው። "እንግዲህ አንቺ ብትታመሚ ማን ይወስዳታል?" ይህን እስካሁን ከእሳቸው በቀር የጠየቀኝ የለም።

የሚወስዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። ተነጋግረን ጨርሰናል። ለሥራ ራቅ ብዬ ስሄድም እሱ ጋ ነው የምትሰነብተው። ሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ቴርሞስታቱ፣ የሳጥኑን ሞቃት ወገን ወደ 30 ዲግሪ ገደማ መያዙን ያያል። ውኃዋን ይቀይራል። ሲያነሳት በጭንቅላቷ በኩል አይመጣባትም፤ መሃሏን በሁለት እጁ ደግፎ ነው። ከነካት በኋላ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ እንዳይዘው እጁን በሳሙና ይታጠባል። ሚስቱ መጀመሪያ አልተስማማችም ነበር። አሁን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይጡ ከቤተሰቡ ምግብ ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ። ልክ ናት። ለብቻው ትንሽ ፍሪጅ ገዛሁላቸው።